ማማ ለወፍ ነበር

የልጅ ልጆቼ «እማማ፣ የዚያን ፈረንጅ ነገር ንገሪን» ካሉኝ ሰነበቱ። ሞጣ በሄድኩ ቁጥር ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከአንዲት ግራር ሥር ካለች የድንጋይ ክምር አጠገብ ተቀምጬ እንደምቆይ አይተዋል። «ዘመድሽ አይደል፣ የክርስትና አባትሽ አይደል፣ ምንሽ ነው?» ይሉኛል። ምኔ እንደሆነ እኔም ስም አላገኘሁለትም። በአፌ ልነግራቸው ስጀምር አንዱን ስይዝ አንዱ እየሾለከ አስቸገረኝ፤ ስለዚህ ልጻፈው አልኩ። ተማሪ ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ልጄን ድሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ስለዚያ ዘመን ክፉውን ልጽፍ ነውና ደጉን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ የምጽፍበትን ፊደል የሰጠኝ እሱ ነው።

ሰውዬው ሚኮላ ይባል ነበር። የቢቸና ሰው ስሙ ለአፉ አልመች ሲለው ሐኪም ሚካኤል አለው። «እሳቸው» ልለው ይገባ ነበር፤ ያኔም የምለው እንደዚያ ነው። አሁን ግን እሱ ከሞተበት ዕድሜ አልፌ ብዙ ስለሄድኩ፣ እንደ ታናሽ ወንድም እየታየኝ «እሱ» እላለሁ። አይቀየመኝም።

ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ሳሉ ነው። ለቢቸና ክሊኒክ ፈረንጅ ሐኪም መጣ ተብሎ ሰው ሁሉ ሊያየው ወጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻው ወደ ፊት የጎበጠ፣ ዓይኑ እንደ ተልባ አበባ ሰማያዊ የሆነ ሰው ነው። አማርኛ ያስተማሩት አንድ ጨዋ ሽማግሌ ነበሩ መሰለኝ፣ ለሁሉም «እርስዎ» ነበር የሚለው። ለሕፃኑም «እርስዎ»፣ ለለማኙም «እርስዎ»። የክሊኒኩ ውሻ በር ላይ ተኝቶ ቢያስቸግረው «ውሻው፣ እባክዎን ይነሱ» ሲል ሰምተን ስንስቅ ውለናል። ሲያማትብ ደግሞ ከኛ ተቃራኒ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ቄሶቹ «ኦርቶዶክስ ነኝ ይላል፤ እጁ ግን መንገድ ጠፍቶበታል» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። አገሩን ሲጠይቁት «ዩክሬን» ይላል፤ ሰውም «እንግዲያ መስኮብ፣ የሩሲያ ሰው ነው» ይላል፤ እሱም «አይደለሁም» ይላል፤ በዚሁ ይለያያሉ።

ኮቱ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ደረቅ ዳቦ ነበር። ሲበላው አይቼ አላውቅም። ይይዘዋል ብቻ።

እኔ ያኔ ባሌ ቆላ ወርዶ በንዳድ ሞቶብኝ፣ አንዲት ሴት ልጅ ይዤ የቀረሁ ወጣት ነበርኩ። ርስቱን የባሌ ወንድሞች ያዙት። ክረምቱን ጥጥ ፈትዬ፣ በአጨዳ ጊዜ ደግሞ ቃርሜ ነበር የምኖረው። ለዛሬ ልጆች ልንገራቸው፤ ቃርሚያ ማለት አጫጆች ካለፉ በኋላ መሬት ላይ የቀረችውን ዛላ መልቀም ነው። የድሃ ነው። ባለ ማሳው ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ቢያነሳ «እገሌ እኮ ቃርሚያውንም አይተው» ተብሎ ስሙ ይጠፋል። ግን ሥርዓት አለው። ነዶው ከማሳው ተነስቶ ወደ ክምሩ ሳይሄድ ቃራሚ እግሯን አታስገባም፤ ነዶ ባልተነሳበት ማሳ ቃራሚና ሌባ አይለዩምና።

አንድ ኅዳር ልጄ ታማብኝ ሁለት ቀን ከቤት ሳልወጣ ቀረሁ። ቤት ውስጥ የሚላስ የሚቀመስ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን አንድ የታወቁ ቀኛዝማች ማሳ ዳር ደርሼ፣ ነዶው ገና ተጋድሞ እያየሁ፣ ከዳር ከዳር ብለቅም ማን ያየኛል ብዬ ገባሁ። ጠባቂው ክንዴን ከኋላ ያዘኝ።

«ነዶ ስትመዢ ነው የያዝኩሽ» አለኝ።

«ከመሬት ነው ያነሳሁት። ልጄን ይንሳኝ።»

«ነዶው ሳይነሳ ማን ግቢ አለሽ? ይህን ጭቃ ሹሙ ዘንድ ትነግሪያለሽ።»

ሌሎቹ ቃራሚዎች ድንበሩ ላይ ቆመው ያያሉ። ጥፋቱ የኔ ስለሆነ ምንም ሊሉልኝ አልቻሉም። ሐኪሙ ከአንድ በሽተኛ ቤት በበቅሎ ሲመለስ ነበር። አየንና ወርዶ መጣ።

«እሳቸው ምን አደረጉ?» አለ እኔን እያሳየ።

ጠባቂው «እሳቸው» የተባልኩት እኔ መሆኔ ቆይቶ ነው የገባው። ሳቀ። «እሳቸው ሌባ ናቸው» አለ።

የሐኪሙ ፊት አመድ መሰለ። ከዚያ በዚያ በታጨደው ማሳ ላይ ተንበረከከ። የስንዴው አገዳ ጉልበቱን እየወጋው የጠባቂውን እግር ያዘ። «እባክዎን አይውሰዷቸው» አለ። «እባክዎን። እኔን ይውሰዱኝ።»

የመንግሥት ሐኪም፣ ነጭ ሰው፣ ለቀኛዝማች አሽከር ተንበረከከ። የሳቀ አልነበረም። ጠባቂው ክንዴን ለቆ «ኧረ ይነሱ ጌታዬ፣ ኧረ በማርያም፣ ማን ይወስዳታል፣ ላስፈራራት ብዬ ነው» እያለ ይጎትተው ጀመር። እሱ ግን መነሳት አቃተው፤ እኔና አንዲት ሴት በብብቱ ደግፈን አነሳነው። ቀኛዝማቹም ሰምተው «ጉድ ሳታመጡብኝ ሴቲቱን ተዋት» አሉ ተባለ።

በማግስቱ አስጠራኝና ክሊኒኩ ውስጥ ፋሻ እያጠብኩ እንድጠቀልል ሥራ ሰጠኝ። ልጄንም አከመልኝ። ስለ መንበርከኩ አንዳች አልተናገረም፣ እኔም አልጠየቅሁም። በአጨዳ ጊዜ ከክሊኒኩ ሲወጣ ግን ከቃራሚዎች ኋላ ኋላ እየሄደ እሱም ይለቅም ነበር። የለቀመውን አምጥቶ በነጠላዬ ላይ ያራግፍልኛል። ሰው «ቃራሚው ሐኪም» አለው። ሲሰማ ደስ ይለው ነበር።

በዚያው በጋ ወደ ዓባይ ቆላ ፈንጣጣ ልንከትብ ወረድን፤ እሱ በበቅሎ፣ እኔ ጥጡንና መርፌውን ተሸክሜ። ማሽላው ደርሷል። መሐል ማሳው ላይ ማማ ቆሟል፤ አራት ቋሚ እንጨት፣ ከላይ ርብራብ፣ ርብራቡ ላይ ወንጭፍ የያዘ ልጅ። ሐኪሙ በቅሎዋን ገታ።

«ያ ምንድን ነው?»

«ማማ ነዋ። ወፍ ይጠበቅበታል።»

«ወፍ ብቻ?»

«ዝንጀሮም ከመጣ።»

«ሰውስ?»

«ሰው ምን ያደርጋል? መንገደኛ ርቦት አንድ ራስ ማሽላ ቢቆርጥ ማን ይጠይቀዋል?»

ወረደና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «በኛ አገር ማማው ለሰው ነበር» አለኝ።

ያን ቀን ነው የነገረኝ። ልጅ ሳለ በመንደራቸው ማሳው፣ በሬው፣ ማረሻው ሁሉ የጋራ ነው ተብሎ ተሰበሰበ። ከዚያ በፊት ግን ጥሩ ጥሩ ገበሬዎቹን፣ ሁለት በሬና ሦስት ላም ያላቸውን፣ ሀብታም ናችሁ ብለው ከነልጆቻቸው ወደ በረዶ አገር ጫኗቸው። መቼ እንደሚዘራ የሚያውቁት እነሱ ነበሩ። ከዚያ በኋላ እህሉ ተወሰደ። ለዘር የተቀመጠው ተወሰደ። የቤቱን ወለል በብረት ዘንግ እየወጉ ፈለጉ፤ ከሕፃን አልጋ ሥር የተደበቀች አንድ ማሰሮ ባቄላ አገኙና ወሰዱ። በባቡር ጣቢያው ግን የተቆለለ እህል ዝናብ እየመታው ይበሰብስ ነበር፤ ወታደር ይጠብቀዋል።

«ምን ሆኖ ነው? ዝናብ ቀርቶ ነው ወይስ አንበጣ?» አልኩት። እኔ የማውቀው ረሃብ የነዚህ ነው።

«ዝናቡ ዘንቧል። አንበጣም አልመጣም። የመጣው ወረቀት ነው። ይህን ያህል እህል አምጡ የሚል ወረቀት።»

ውሻ የማይጮህበት መንደር ሆነ አለኝ፤ ውሻ አልቀረማ። መሬት የወደቀችውን ዛላ ማንሳት የመንግሥት ሌብነት ተባለ፤ አሥር ዓመት እስራት ወይም ጥይት ነው። በየማሳው ማማ ተሠራ። ማማው ላይ ልጆች አወጡ፤ የልጅ ዓይን ሩቅ ያያል። ቃራሚ አይቶ ለጮኸ ልጅ ዳቦ ይሰጠዋል።

«ልጅ ደግሞ በሰው ላይ ይጮሃል?»

«አንዱ ጮኸ» አለ ሐኪሙ። «አንዲት ሴት ስትቃርም አየና ጮኸ። ወሰዷት። አልተመለሰችም።»

«ዳቦውን ሰጡት?»

«ሰጡት።»

«በላው?»

በማሽላው ላይ ያለው ልጅ ወንጭፉን ሲያጮኸው ወፎቹ ግልብጥ ብለው ሲነሱ ትዝ ይለኛል። «በላው» አለ።

እኔ ክንዴን የያዘኝ እጅ ገና ከክንዴ ላይ አልወረደም ነበር። ሴትዮዋ እኔ ሆኜ ታየችኝ። «ያን ልጅ እግዜር አይማረው» አልኩ።

ሐኪሙ ከተቀመጠበት ተነሳ። የበቅሎዋን ልጓም ያዘ። «አሜን» አለ።

ቢቸና ውስጥ አንድ መምህር ደምሴ የሚባል ሰው ነበር፤ ከሸዋ ተመድቦ የመጣ፣ ከሐኪሙ ጋር በአንድ ግቢ የሚኖር። ስለ እሱ ክፉ ብቻ እንዳልጽፍ እፈራለሁ። ከደመወዙ ከፍሎ ለድሃ ተማሪዎች ደብተር የሚገዛ ሰው ነበር። አባቱ ጭሰኛ ነበሩ፤ ካረሱት እኩሌታው ለባለ መሬት ሲሄድ እያየ ነው ያደገው። እሁድ ከሰዓት ከሐኪሙ ጋር ዳማ ይጫወታሉ፤ እኔ በረንዳው ላይ ፋሻ እጠቀልላለሁ።

«ዶክተር» አለ አንድ ቀን፣ «እዚያ ማሳ ላይ መንበርከክዎ ምን ፈየደ? ማሳው የእሷ ቢሆን ማንም ክንዷን አይዛትም ነበር።»

«ልክ ነዎት» አለ ሐኪሙ።

«ልክ ከሆንኩ ምን ያስፈራዎታል ታዲያ?»

«የእሳቸው ቢሆን አልፈራም። የሁሉም ነው ሲባል ነው የምፈራው። የሁሉም የሆነ ነገር ቁልፍ ይበጅለታል። ቁልፉን አንድ ሰው ይይዘዋል።»

«ሕዝቡ የመረጠው ሰው ነዋ የሚይዘው።»

«የኛንም እኛው መረጥነው። ደግ ሰው ነበር፣ እንደ እርስዎ። ከላይ ይህን ያህል አምጣ አሉት። የለም ቢል ጠላት ነህ ይሉታል፤ ከሱ በፊት የለም ያለው ታስሯል። ስለዚህ እህል አለ ብሎ ጻፈ። አንዴ አለ ካለ በኋላ ደግሞ ማምጣት አለበት። የራበው ሰው መጥቶ ራበኝ ሲለው፣ ወረቀቱ እህል አለ ይላልና ውሸታሙ የራበው ሰውዬ ሆነ።»

መምህሩ ጠጠሩን ገፋ። «ይህ የሰዎቹ ጥፋት ነው እንጂ የሃሳቡ አይደለም።»

«ቀኛዝማቹ ክፉ ናቸው እንበል» አለ ሐኪሙ። «ይበላሉ፣ ያስበላሉ፤ እውነት ነው። ግን ሲጠግቡ ይተኛሉ። ቃርሚያውንም ይተዉታል። ያ ወረቀት ግን አይተኛም።»

«በኛ ጊዜ» አለ መምህር ደምሴ፣ ወደ እኔ ዞሮ እየሳቀ፣ በስሜ ጠርቶኝ፣ «ይታይሽ፣ ቃራሚ የሚባል አይኖርም።»

ሐኪሙ ጠጠሩን በጣቱ እንደያዘ «እኛንም እንደዚያ ነበር ያሉን» አለ። «አልዋሹም። በኛ መንደር አንድም ቃራሚ አልቀረም።»

እኔም ፋሻዬን ጠቀለልኩ። ያን ቀን ዳማውን ማን እንዳሸነፈ አላስታውስም።

ከጊዜ በኋላ ሐኪሙ ወደ ሞጣ ተዛወረ። እኔ ደግሞ እግሬ አንድ ቦታ መርጋት አያውቅም፤ ልጄን ለእናቴ ትቼ ድሬን ይዤ የጥኖራ ገበያ፣ ደብረ ኤልያስ ገበያ ስዞር ከርሜ፣ የሞጣ ሸማኔዎች ድር በደንብ ይገዛሉ ሲባል ወደዚያ ሄድኩ። ክሊኒኩን ሳየው ፋሻው ተከምሯል። ቁጭ ብዬ መጠቅለል ጀመርኩ። «እንደምን ሰነበቱ» አለኝ፤ ትናንት የተለያየን ይመስል።

ሞጣ ላይ አንድ አዲስ አመል አምጥቶ ነበር። አውቶብሱ ፖስታ ይዞ የሚመጣበትን ቀን ጠብቆ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ መናኸሪያው ዳር ይቆማል። አቧራውን ሁሉ ይጠጣዋል። ሰው ወርዶ፣ ጭነት ወርዶ፣ የፖስታው ከረጢት ተከፍቶ ካለቀ በኋላ ባርኔጣውን ያደርግና ይመለሳል። ሾፌሩ ገና ከሩቅ ሲያየው ራሱን መነቅነቅ ለምዶ ነበር።

አንድ የክረምት ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ «ወይዘሮ ይታይሽ» አለኝ። «የማማውን ልጅ ያስታውሱታል?»

«አልረሳሁትም።»

«እኔ ነኝ። ሴትዮዋም እናቴ ናት።»

እጄ ላይ የነበረው ፋሻ ወደቀ። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አነሳውና ጫፉን ያዘ። «ከሩቅ አየችኝ» አለ። «ነጭ ሻሿን ከራሷ ላይ ፈታችና እንዲህ አደረገች።» ፋሻውን ከራሱ በላይ ሁለት ጊዜ ከፍ አደረገው። «ዝም በል ማለቷ ነበር። እየለመነችኝ። እኔ ጮኽኩ። ፈርቼ ነው? ለዳቦው ነው? አርባ ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ አላውቀውም።»

ያ እርግማኔ ትዝ አለኝ። «እኔ ያልኩት ሳላውቅ ነው። ሕፃን ነበሩ» አልኩት። «እግዜር ይማርዎት። ከልቤ ነው።»

«እርስዎ ደግ ነዎት» አለኝ። «ግን ምሕረቱ የእርስዎ አይደለም።»

ያን ቀን ስድስት ዓመት የሞላት እህቱ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ማሳው ውስጥ ነበረች። አብረው ታሰሩ፤ እናቲቱ ወደ ሩቅ እስክትወሰድ ድረስ ትንሿ አብራት ቆይታለች። ከዚያ ጦርነት መጣና ሁሉም ተበታተነ። አሁን የጠፋ ዘመድ በሚያፈላልጉ ሰዎች በኩል እህቱ በሕይወት መኖሯን ሰምቶ ደብዳቤ ጽፎላታል። የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እናታችን ከመወሰዷ በፊት ስለ እኔ ምን አለች? አውቶብሱ ዘንድ የሚቆመው ለዚህ መልስ ነበር።

ክረምቱ ሳይወጣ ተስቦ ገባ። ሲያክም ያዘው። ሰባት ቀን ተኛ፤ በስምንተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሞተ። አልጋው አጠገብ እኔና ውሃ ቀጂዋ ብቻ ነበርን። ቀብሩ ላይ ክርክር ሆነ፤ አንዱ ቄስ ክርስቲያን ነው ይላሉ፣ ሌላው የሚያማትበው በተቃራኒ ነው ይላሉ። በመጨረሻ አጥሩ ሥር፣ ከውጭ በኩል፣ ግራሩ ጥላ ይሁነው ተባለ። ክፍሉን ስጠርግ በየግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ የተወተፈ ደረቅ ዳቦ አገኘሁ። አንዱንም አልጣልኩ፤ ለወፎች ፈረፈርኩት።

ቅዳሜ አውቶብሱ መጣ። ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ ፊቱ በርቶ፣ ሐኪሙን በዓይኑ ይፈልግ ነበር። «የታለ? ዛሬስ መጣለት» አለኝ።

ደብዳቤውን የሚቀበል ዘመድ ስለሌለ እኔ ተቀበልኩት። ተማሪ ቤት ወሰድኩት፤ እንግሊዝኛ አይደለም አሉኝ። አንድ መሪጌታ አገላብጠው አይተው የግሪክ ሳይሆን አይቀርም አሉ። ሙዳዬ ውስጥ፣ ከእንዝርቴ ጋር አኖርኩት። በየሄድኩበት ገበያ ሁሉ አብሮኝ ዞረ።

ሁለት ክረምት አልፎ ንጉሡ ወረዱ። መሬት ለገበሬ ሲባል እኔም ስሜ ተጽፎ ሞጣ አጠገብ ቁራጭ መሬት ደረሰኝ። አልዋሽም፣ እልል ብያለሁ። ልጄን አምጥቼ ሁለት ዓመት የራሴን ጤፍ በላሁ። ሐኪም ሚካኤል ተሳስቶ ነበር፣ ቢኖር እነግረው ነበር እያልኩ ግራሩ ሥር ሄጄ አውርቼለታለሁ።

ከዚያ የአምራቾች ማኅበር ተባለ። መሬቱም፣ በሬውም ተመልሶ ተሰበሰበ። የማኅበሩ በሬዎች ክረምቱን ሣር የሚያጭድላቸው አጥተው ከሱ፤ ሁሉም ሌላው ያጭድላቸዋል ይላል። የዘር ጊዜ በደብዳቤ ይመጣ ጀመር፤ ሽማግሌዎቹ «አፈሩ ገና ነው» ሲሉ «የኋላ ቀር ወሬ» ይባላሉ። ከላይ የተላከው የማኅበሩ ሊቀ መንበር ማን ቢሆን ጥሩ ነው? መምህር ደምሴ። ጠጉሩ ሸብቷል። በሩቅ ሰላም ተባባልን።

አንድ ዓመት አጨዳው ስብሰባ በስብሰባ ሆኖ ዘገየ። ስንዴው ደርቆ ረገፈ፤ መሬቱ ላይ የቀረው ከታጨደው አይተናነስም። ቃርሚያ ግን ተከለከለ፤ የወደቀውም የሕዝብ ሀብት ነው ተባለ። ወፍ ይበላዋል፣ ይበቅላል፣ ይሻግታል፣ ሰው አይነካውም። አንድ ጠዋት ከቤቴ ስወጣ በስንዴው ማሳ መሐል ማማ ቆሟል። ስንዴ ላይ ማማ ተሠርቶ በዕድሜዬ አላየሁም።

ቢሆንም ገባሁ። ጓዳው ባዶ ነበር፣ ልጄም ነፍሰ ጡር ነበረች። አንድ እፍኝ ያህል እንደለቀምኩ ቀና ስል ማማው ላይ የጎረቤቴ ልጅ ይበልጣል ፊሽካ በአፉ ይዞ ያየኛል። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፤ እትብቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ነጠላዬን ከፍ አድርጌ አሳየሁት፤ እኔ ነኝ፣ ዝም በል ማለቴ ነው። ልጁ ነፋው።

ይዘው ወደ ማኅበሩ ቢሮ ወሰዱኝ። መምህር ደምሴ ጠባቂውን አስወጣና በሩን ዘጋ።

«ይታይሽ፣ ምን ፈልገሽ ገባሽ?»

«መምህር፣ ቃራሚ አይኖርም ብለውን ነበር።»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«ስንዴው እኮ ይበሰብሳል።»

«አውቃለሁ።»

«ለምን አይነግሯቸውም ታዲያ?»

በመስኮቱ ወደ ማማው ያይ ነበር። «ምርቱ ከዕቅዱ በላይ ነው ብዬ ጽፌያለሁ» አለኝ። «ከኔ በፊት የነበረው እውነቱን ጽፎ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።» ከዚያ ቀስ ብሎ «ያ ሰውዬ እኮ ነግሮኝ ነበር» አለ፤ ስሙን አልጠራም። እፍኝ ስንዴዬን ጠባቂው መጥቶ ወሰደው። እኔን ለቀቁኝ። በሚቀጥለው ዓመት ከዕቅድ በላይ ተመረተ የተባለውን እህል አምጣ አሉት። የሚያመጣው አልነበረውም። በመኪና ወሰዱት፤ ወዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። እሱንም አንዳንድ ቀን ግራሩ ሥር ሆኜ አስታውሰዋለሁ፤ ከኔ ሌላ የሚያስታውሰው ያለ አይመስለኝም።

በዚያ ዘመን የሐኪሙን ቋንቋ የሚናገሩ ነጮች በመኪና ሞጣ ይመጡ ነበር አሉ። ደብዳቤውን ይዤ እስከ መንገዱ ዳር ሄጃለሁ። ማማውን ያሠራው አገር ሰዎች መሆናቸው ትዝ ሲለኝ ሙዳዬን ዘግቼ ተመለስኩ። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ይበልጣል ንቁ ወጣት ተብሎ እዚያው መስኮብ አገር ለትምህርት ተላከ። የተመለሰው ያ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ነው፤ እዚያም ያለው ወድቋል አለን። ጎልማሳ ሆኗል። እኔን በመንገድ ሲያየኝ አንገቱን ደፍቶ ወደ ማዶ ይሻገራል፤ ያቺን ፊሽካ አልረሳትም። እኔም ቂም ይዤ ሳይሆን ደብዳቤው የሚለውን መስማት ፈርቼ ብዙ ጊዜ ሳልሄድበት ቆየሁ። በመጨረሻ ሙዳዬን ይዤ እቤቱ ሄድኩ። ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሳ።

«የመጣሁት ለሌላ ነው» አልኩት። «ይህን አንብብልኝ።»

ወረቀቱ በእጥፋቱ ላይ ተቀዶ ነበር። መስኮቱ ዘንድ ወስዶ መጀመሪያ ለራሱ በዝግታ አነበበው። ከዚያ እኔን ሳያይ፣ ግድግዳውን እያየ፣ በአማርኛ ነገረኝ።

እህቱ ናት። እንዲህ ትላለች፦ ወንድሜ፣ ፈረሰኛው ጠባቂ ከጉብታው ኋላ መጥቶ እኛን አይቶን ነበር። አንተ አላየኸውም፣ እናታችን አየችው። እሱ ደርሶ ቢይዘን፣ ማማው ላይ ሆነህ እያየህ ዝም ብለሃል ብለው አንተንም ሊወስዱህ ነው። ሻሿን ፈትታ ያነሳችልህ ጩኽ ስትልህ ነው። ስትጮህ እቅፍ አደረገችኝ። እስር ቤትም እስኪለዩን ድረስ ስትለው የነበረው ይህንኑ ነው፦ «ሰማኝ። ልጄ ሰማኝ።»